የነዳጅ መስጫው ሽቦ ለምን ጋለ?

ሰበታ ባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሞተር ሲቆም የምጠራው እኔ ነኝ፤ ከአንድ ፈረቃ በላይ ያስቸገረኝ ሞተር ትዝ አይለኝም። ስለዚህ ባለቤቴ በሳጥን ተበታትና የመጣች የስፖርት መኪና ገዝቶ፣ "ሽቦው ያንቺ፣ ቦዲው የኔ" ሲለኝ ምንም አልፈራሁም።

ባለቤቴ ቡራዩ ውስጥ በፋይበር ግላስ የውሃ ገንዳ ይሠራል። መኪናዋን መግጠም የጀመረው ሰውዬ ከአገር ሲወጣ ነው የገዛናት፤ ሻንሲ የሚባለው የብረት አጽሟ፣ አሮጌ ሞተር፣ በከረጢት የታጨቀ ብሎንና ግማሹ የጠፋ የመግጠሚያ መጽሐፍ። የጠፋው ግማሽ የኤሌክትሪኩ ነበር። ሁለት ዓመት እሁድ እሁድ ግቢያችን ውስጥ ሠራናት። እሱ ሻንሲውን ዝገት እንዳይነካው ብሎ ሦስት ጊዜ ቀለም ቀባው፤ እኔ ደግሞ ሽቦውን ከራሴ እያወጣሁ ዘረጋሁ። ስታልቅ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት ቀይ መኪና ሆነች። ሦስት ሳምንት ሰፈር ለሰፈር ስንዞርባት ምንም አላለችም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ ላሉት አማቴ ልናሳያቸው ተነሣን። እንጦጦን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ባለቤቴ ፍሬን ሲይዝ የነዳጅ መለኪያው ቀስት ዘሎ ሙሉ ላይ ቆመ። እግሩን ሲያነሣ ወረደ።

"አየሽው?"

"አየሁት።"

ወደ ግራ ፍሬቻ ሲያሳይ ደግሞ የዳሽቦርዱ መብራቶች በሙሉ ከፍሬቻው እኩል ብልጭ ድርግም ይሉ ጀመር። ሱሉልታ መግቢያ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን ሲያዞር "ጠቅ" ከማለት በቀር መልስ የለም።

"ባትሪው ሞቷል" አለ።

በቴስተር ለካሁት፤ ባትሪው ሙሉ ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፤ አንዱም አልተቃጠለም። ሽቦዎቹን ጎተትኳቸው፤ ሁሉም ጠብቀዋል። ልምምድ ላይ የነበሩ ሯጮች በአጠገባችን አለፉ፤ ሲመለሱም እዚያው ነን።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"አላውቅም።" ስለ ኤሌክትሪክ ተጠይቄ ለባለቤቴ እንዲህ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር።

"እስቲ ደጋግመህ አስነሣው" አልኩት። ሲያዞር፣ ሲያዞር፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሽታውን ተከትዬ እጄን ስሰድ ጣቴን ለበለበኝ። የጋለው ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቀጭን የብረት ሽቦ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ከመሳብ ሌላ ሥራ የለውም። ከባትሪው ጋር አላገናኘሁትም፤ ከምንም ጋር አላገናኘሁትም።

"ምናልባት የሆነ ቦታ አሳስተሽ ይሆናል" አለ ባለቤቴ በቀስታ። የተቆጣሁት እውነቱን ሊሆን ስለሚችል ነው። አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ የዘረጋሁትን ሁሉ በሐሳቤ እንደገና ዘረጋሁት፤ ባሰብኩ ቁጥር ይበልጥ ተወናበድኩ።

አንድ የአይሱዙ ሾፌር አዘነልንና ከፊት ካለው ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠሩ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጠራልን። አንድ ወፍራም ገመድ በትከሻቸው አንጠልጥለው በእግራቸው መጡ።

"አከም ጅርቱ" ብሎ ባለቤቴ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጣቸው።

"ነጋ" ብለው ሰላምታውን መለሱና መኪናዋን ዞረው አዩ። ቦዲውን በጣታቸው አንኳኩ። "ይሄ ቆርቆሮ አይደለም።"

"ፋይበር ግላስ ነው፣ አባባ" አልኳቸው።

"ሞተሩስ ሻንሲውን ሳይነካ ጎማ ላይ ነው የተቀመጠው?"

"አዎ።"

"የሞተሩን ኔጌቲቭ ሽቦ የት አሰርሽው?"

"ሻንሲው ላይ።"

"ቀለሙ ላይ?"

ቀለሙን አልፋቅኩም ነበር። ባለቤቴ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሽማግሌው የገመዳቸውን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ ያዙና "በል አስነሣው" አሉት። ወዲያው ተነሣች።

ለካ ፋይበር ግላሱም ጎማውም ኤሌክትሪክ አያሳልፉም፤ ወደ ሞተሩ የሄደው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ቀለም ተቀብቶ ተዘግቷል፤ በዚያች ቀጭን ሽቦ በኩል ሊመለስ ሲታገል ነው ያጋላት። መለኪያውና መብራቶቹም ያበዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ፋብሪካ ውስጥ መመለሻውንም የምዘረጋው በሽቦ ነው። መኪና ላይ ብረቱ ራሱ መመለሻ እንደሆነ ባውቅም ስለ ቀለሙ ግን አስቤ አላውቅም።

ሽማግሌው የብርጭቆ ወረቀት አወጡ። "ቀለሙ ብዙ ነው የሚነሣው?" አለ ባለቤቴ።

"ብረቱ እስኪታይ።"

ወረቀቱን ተቀብሏቸው ራሱ ፋቀው። የገዛ ሥራውን እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲያበላሽ ሳየው ቁጣዬ በረደ።

"ታዲያ ሦስት ሳምንት እንዴት ሠራችልን፣ አባባ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እኔ እንጃ፣ ልጄ" አሉ። እኔም እስካሁን አላወቅኩም። ብሎኑ ሲገባ ቀለሙን ጫር አድርጎት ኖሮ ጭረቱ በኋላ ዝጎ ይሆናል እላለሁ እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም።

አማቴ መኪናዋን አይተው "ጣሪያዋስ?" ብለው ጠየቁ፤ ግን ለመውጣት አላመነቱም። ባለቤቴ ወርዶላቸው ከተማውን ላዞራቸው ነዳሁ። መጀመሪያ ወደ ግራ ስታጠፍ ክላክሱ በራሱ ጮኸ። ሁለተኛም ጮኸ። አማቴ ለሰዎች ሰላምታ የምሰጥ መስሏቸው በየመታጠፊያው እጃቸውን ያነሡ ጀመር።

"ከተማው ሁሉ ያውቅሻል ማለት ነው?" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ቀኝ ብቻ እየታጠፍኩ ቤት አደረስኳቸው።