የአንኮበር ሹሩባ

ይህችን ሚዶ አትንኪብኝ። ጥርሶቿ ቢረግፉም ከወይራ የተቀረጸች ናት፤ ስታሸቺያት አሁንም ቅቤ ቅቤ ትላለች። ወይም ለእኔ ብቻ ይሆናል እንዲያ የሚለኝ፤ አርጅቻለሁ፣ አፍንጫዬም ደስ ያለውን ነው የሚያመጣልኝ። ብቻ ወደ ፊቴ ሳስጠጋት የአንኮበር ጉም ይመጣብኛል፣ የረጠበ የጥድ አጥር፣ ከሣር ክዳን ውስጥ እየተነነ የሚወጣ ጭስ፣ ከዚያም ጭንቅላቴ ላይ ቀስ እያሉ የሚሄዱ የአንዲት ሴት ጣቶች።

ያን ጊዜ ጋሜዬን ትቼ ጸጉሬን ማሳደግ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁ። ታጭቼ ሠርጌ ለጥር ተቆርጧል። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ የሚድረኝ ታላቅ ወንድሜ ነበር። እሱ ደግሞ አንኮበር ገብቶ ለነጋዴ በቅሎ ጫኝ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፏል። እናቴ ወገቧን ስለሚያማት፣ ከደብረ ብርሃን ማዶ ካለው ቤታችን የምላከው እኔው ሆንኩ። "ወንድምሽን ይዘሽልኝ ነይ። እሱ ሳይኖር ማን ይድርሻል?" አለችኝ። ሌላ አደራ አልነበራትም።

እህል ከሚያመላልሱ አህያ ነጂዎች ጋር ሜዳውን ስናቋርጥ ዋልን። ጥቅምት ነበር፤ ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል። አፋፉ ላይ ስንደርስ መሬቱ ድንገት አለቀና ታች ጉም ብቻ ሆነ። አንኮበር የገባነው ዓርብ አመሻሽ ላይ ነው። እኔ ሰው የሚጋፋበት ከተማ ነበር የጠበቅሁት፤ ንጉሡ ወደ እንጦጦ ካቀኑ ወዲህ ግን ብዙው ቤት ተዘግቶ፣ ደጃፉን ሣር በልቶት ነበር። አህያ ነጂዎቹ ወደ ማደሪያቸው ሲሄዱ መንገድ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ስሜን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ የሌለበት አገር ቆሜ አላውቅም ነበርና፣ እንባዬ መጣ።

ወንድሜ ያድርበት የነበረውን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። የቤቱ ጌታ የንጉሡ ግምጃ ቤት ዘበኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሚስታቸው በእናቴ ዕድሜ ያለች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ልጅ አልነበራቸውም። ማን እንደሆንኩ ስናገር ሽማግሌው ሚስታቸውን አዩ። እሷ ግን እግር እግሬን አየችና፣ "ውይ ልጄ፣ እግርሽ ተላልጧል" ብላ ውሃ ልታሞቅ ገባች።

ይኸውልሽ፣ እነሱ ያን ማታ ሁሉን ያውቁ ነበር። ወንድሜ ከነጋዴዎቹ ጋር በአሊዩ አምባ በኩል ወደ ቆላው ወርዶ፣ ንዳድ ይዞት እዚያው በረሃ ላይ ተቀብሯል። ወሬው ከደረሳቸው ሳምንት አልሞላም። እኔ እሳቱ ዳር ቁጭ ብዬ፣ እግሬን እያሹልኝ፣ ስለ ሠርጌ ነበር የማወራው።

የት እንዳለ ስጠይቅ ሽማግሌው "ቆላ ወርዷል" አሉኝ። መቼ እንደሚመለስ ስጠይቅ ደግሞ "እስቲ ሰኞ ይድረስ" አሉ። አንዲት ነገር እንኳ አልዋሹኝም። እኔ ደስ እንዲለኝ አድርጌ ሰማሁት እንጂ። ያን ሌሊት የተኛሁት በወንድሜ መደብ ላይ ነው፤ የለበስኩትም እናቴ የበግ ጠጉር ፈትላ ያሠራችለትን ባና ነበር። ባናውን ትቶ የሄደ ሰው ሊመለስ ነው ብዬ እጥፍጥፍ ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜና እሁድ ሰንበት ስለሆነ መንገድ የለም፣ ሥራ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው ከተማውን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ወጡ። ከአፋፉ ጫፍ ስንቆም ጉሙ ለአፍታ ተከፈተና፣ ቆላው ሩቅ፣ ደብዛዛ ሆኖ ታየ። ወንድሜ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ዱላቸውን አንሥተው አመለከቱኝ። ጉሙ ተመልሶ ሁሉን ከሸፈነው በኋላም ዱላቸው አልወረደም፤ እኔ ደግሞ የሽማግሌ ነገር ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ጎረቤት ሁሉ መጣ። አንዷ ማር፣ አንዷ እርጎ፣ አንዷ ትኩስ ዳቦ ይዛ። ጉንጬን ይስሙኛል፣ ጥቂት ያዩኛል፣ ከዚያ ቶሎ ይወጣሉ። የአንኮበር ሰው እንዴት እንግዳ ይወዳል እያልኩ ተገረምኩ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚያ ሁሉ ደግነት መካከል ብቸኝነቱ አልለቀቀኝም። ስገባ ወሬያቸው ይቋረጣል። ስስቅ አብሮኝ የሚስቅ የለም። እመቤቲቱ ብቻ ከአጠገቤ አትርቅም፤ ጠግቤያለሁ ስል እንኳ የመጨረሻውን ጉርሻ በእጇ ታጎርሰኛለች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሹሩባ እንድትሠራኝ ለመንኳት። በሕይወቴ ተሠርቼ አላውቅም። ወንድሜ ሲሄድ ጋሜ ነበርኩ፤ አድጌ እንዲያየኝ ፈለግሁ። እሷ ይህችን ሚዶ ይዛ ቆመችና፣

"ነገ አይሻልም?" አለችኝ።

"ነገ ቢመጣስ፣ እሜቴ?"

ዝቅ ብላ ተቀመጠችና በጉልበቶቿ መካከል አስቀመጠችኝ። ጸጉሬን በሚዶዋ ጫፍ እየከፈለች፣ ቅቤ እየቀባች፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሠራችኝ። ጣቶቿ አይቸኩሉም ነበር። አንዴ አንገቴ ላይ የሚሞቅ ነገር ጠብ ሲልብኝ ቅቤው ቀልጦ መስሎኝ በነጠላዬ ጠረግሁት። ስትጨርስ በውሃ ገበቴ ራሴን አየሁ፤ ሴት ሆኜ ነበር። የትኛዋ ሙሽራ እንዲያ ተሠርታ ታውቃለች አልኩ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ በግቢው ውስጥ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ በጉሙ ውስጥ ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ቄሱም አሉ። እመቤቲቱ ከኋላዬ መጥታ በሁለት እጇ ያዘችኝ። ሽማግሌው ፊት ለፊቴ ቆመው፣ "ልጄ፣ ወንድምሽ አርፏል" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አላስታውስም። እጇን እንደቧጨርኩት አስታውሳለሁ፤ እንዳለቀቀችኝም። ጉልበቴ ሲያልቅ ንዴት መጣብኝና፣ "ዓርብ ማታ ለምን አልነገርሽኝም? እያበላሽ፣ እያጎረስሽ፣ ጸጉሬን እየሠራሽ!" አልኳት። ሁለት ቀን አንቱ ስላት ከርሜ፣ እንደ እናቴ አንቺ ማለቴ እንኳ አልታወቀኝም።

"መርዶ የሚነግር ዘመድ ነው፣ ልጄ" አለችኝ። "አንቺ በዚህ አገር ዘመድ አልነበረሽም። መጀመሪያ ዘመድ መሆን ነበረብን።"

ያን የሠራችውን ሹሩባ በገዛ ጣቶቿ ፈታችው። ልላጭ ስል ግን ከለከለችኝ፤ መላጨቱ ከእናትሽ ጋር ነው አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንደ ወለደችው አብራኝ አለቀሰች። የምሄድበት ቀን ሲደርስ እንደገና በጉልበቶቿ መካከል ጠራችኝ፤ ሚዶዋንም ይዛ ነበር።

"ሐዘንተኛ ይሠራል እንዴ?" አልኳት፤ ከፋኝ።

"እናትሽ ገና ከሩቅ የተፈታ ጸጉርሽን ካየች፣ መርዶዋን ደጅ ላይ ብቻዋን ሆና ትሰማለች" አለችኝ።

ደግማ ሠራችኝ። ባናውንም እናቴ እንዳታየው እዚያው ተውኩት፤ ይህችን ሚዶ ግን በእጄ አስያዘችኝ። ሽማግሌው አፋፉን እስክወጣ ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ክፉ ቀን ካለፈ በኋላ ልጠይቃቸው ብሄድ ቤቱ ፈርሶ ሳማ በቅሎበት ነበር፤ የት እንደተቀበሩ የሚነግረኝም አላገኘሁ። መርዷቸውን ሊያረዳኝ የሚችል ሰው በከተማው አልቀረም ነበር።

አገሬ ስደርስ በመጀመሪያ ወደ ነፍስ አባታችን ቤት ሄጄ ነገርኳቸው፤ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱን ይዘው እንዲመጡ። ከዚያ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ ብቻዬን መምጣቴን አይታ ፊቷ ጠቆር አለ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ ጭንቅላቴ ላይ አረፈ። ይዛ አዞረችኝ።

"ማን ሠራሽ?"

"ወንድሜ ያደረበት ቤት እመቤት።"

"እንዲህ የሚሠሩ ሰዎች ቤት ከሆነስ ልጄ ደኅና ነው" አለችና፣ ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነበር፣ ሳቀች። ሥራ አቆይቶት ነው፣ ለጥር ይደርሳል እያለች ብቻዋን አወራች። እሳት አነደድኩ፣ እግሯን አጠብኳት፣ ራት አቀረብኩ። ጠገብኩ ስትል የመጨረሻውን ጉርሻ በእጄ አጎረስኳት። ያቺ ሴት ያን ሁለት ቀን ምን ተሸክማ እንደዋለች ያወቅሁት ያኔ ነው።

ስንተኛ እናቴ አጠገቤ ሆና ሹሩባዬን አንድ በአንድ ስትዳብስ እጇ እዚያው እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔም እንዳላነቃት ሳልንቀሳቀስ ጎህን ጠበቅሁ።