ወር የዘገየው የቅሬ ጥሪ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ኮምቦልቻ ቤቴ ልብስ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው... የደሴው ቅሬያችን ጸሐፊ።

«ነይልኝ ልጄ! ይሄ ኮምፒውተርሽ ከሰው ሊያፋጀን ነው!»

ኧረ የእኔ አይደለም! የቅሬውን ሲስተም የሠራው ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ቆየ። እኔ መሥሪያ ቤት ዳታቤዝ ላይ ስለምሠራ ብቻ፣ በተበላሸ ቁጥር የምጠራው እኔ ሆኜ ቀረሁ።

ለማያውቅ ሰው... ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው እሱ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ። እኛ ጋ ቅሬ የተወው ሰው፣ ሰው ሁሉ የተወው ሰው ነው። ድሮ ለፋፊ እየዞረ ይጣራ ነበር። አሁን አባሉ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ስለተበተነ ጋሽ ሙሉጌታ የሟቹን ስም ያስገባሉ፣ ሲስተሙ ለአባላቱ መልእክት ይልካል።

የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በሚኒባስ ወጥቼ ደሴ ስደርስ ጋሽ ሙሉጌታ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ፊታቸው ጠቁሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወር በፊት የእትዬ ዘሀራ ልጅ ሰሚራ ታማ ሞተች። አላህ ይርሃማት። ጋሽ ሙሉጌታ የዚያን ቀን ለጉዳይ ሐርቡ ወርደው ስለነበር እዚያው ሆነው በስልካቸው አስገቡ። «ተልኳል» አላቸው። ቀብሩ ላይ ግን ከግቢው ጎረቤቶች በቀር የደረሰ የለም። እኔም ራሴ የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው።

እትዬ ዘሀራ «ተልኮላቸው እያወቁ ቀሩብኝ» ብለው በራቸውን ዘጉ። ለቅሶ ሊደርስ የሄደውን ሁሉ ከደጅ መለሱት። አባላቱ ደግሞ «ወላሂ አልደረሰንም!» ይላሉ። ጋሽ ሙሉጌታ መሐል ቤት ውሸታም ሆነው ቀሩ።

ላፕቶፔን ከፈትኩ። ስልክ ቁጥሮቹን አየሁ፣ ደህና ናቸው። የመልእክት መላኪያው ሂሳብም አላለቀም። ሰሚራን ለብቻዋ ፈለግኳት... አለች። እትዬ ዘሀራን ፈለግኩ... አሉ። ሲስተሙን ልጅቷን ከቤቷ ጋር አገናኝተህ አሳየኝ ስለው ግን ባዶ!

ለካ ጉዱ እዚያ ላይ ነው። ይሄ ሲስተም ሰው ሲሞት ፈጽሞ አያጠፋውም፤ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት አድርጎበት ይደብቀዋል። የሆነ ነገር ሲለወጥም አሮጌውን ሳይነካ አዲስ ቅጂ ይጨምራል። አምና የእትዬ ዘሀራ ባለቤት ሲያርፉ ቤቱ በሚስትየው ስም ዞረና አዲስ ቅጂ ተፈጠረ። ልጅቷ ግን ከአሮጌው ቅጂ ጋር፣ ከሟች አባቷ ጋር እንደታሰረች ቀረች። አባትየው ተሰርዘዋል። ስለዚህ ሲስተሙ የሰሚራን ቤት ሲፈልግ አጣው። ቤት ከሌላት ቅሬ የላትም፣ ቅሬ ከሌላት የሚላክለት ሰው የለም። ለማንም ሳይልክ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ተልኳል» አለ።

የወር ሙሉ ቂም በዚህች ነው።

ልጆች ሁሉ ከማይለወጠው የቤት ቁጥር ጋር እንዲገናኙ አድርጌ አስተካከልኩና አስቀመጥኩ። ወዲያው የጋሽ ሙሉጌታ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። የእኔም ጮኸ።

«የእትዬ ዘሀራ ልጅ ሰሚራ አርፋለች። ቀብሯ ዛሬ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው።»

ወየው ጉዴ! ለካ ማንም ያልተቀበለው መልእክት ውስጥ ለውስጥ ተሰልፎ ይጠብቅ ኖሯል። መንገድ ሲከፈትለት ለቅሬው በሙሉ ሄደ።

«ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ!» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

እየሮጥን እትዬ ዘሀራ ቤት ደረስን። ለእኛ ግን በሩን ከፈቱልን፤ ትንፋሻችን ቁርጥ ቁርጥ ሲል አይተው ነው መሰለኝ። ባልቴቷ ከስተዋል። ሁሉንም አስረዳኋቸው... ስለ ቅጂው፣ ስለ ምልክቱ፣ አሁን በስህተት ስለሄደው መልእክት። እስክጨርስ ሰሙኝና...

«ኮምፒውተር ነው በይኛ» አሉ። «ልጄ፣ እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። የማውቀው የልጄን ቃሬዛ የሚቀባበል ሰው መጥፋቱን ነው። ጎረቤቶቼ ሳይቀያየሩ፣ ትከሻቸው እየዛለ ነው ያደረሷት።»

ይዤው የመጣሁትን ላፕቶፕ አቀፍኩት።

ያን ጊዜ ደጁ ላይ ኮቴ ተሰማ። ብቅ ስንል አካፋ የያዘ አለ፣ ዶማ የያዘ አለ። ሁለት ሰዎች የቅሬውን ድንኳን በጋሪ ይገፋሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሻሻቸውን ጠምጥመው ይመጣሉ። ቆይተው ከኮምቦልቻ ሚኒባስ ተኮናትረው የደረሱም ነበሩ።

እትዬ ዘሀራ በሩን ደገፍ አሉ። «ሰሚራኮ ከተቀበረች ወር አለፋት... ይህን ሳታውቁ ነው የመጣችሁት?»

ከፊት የቆሙት ሽማግሌ፣ ሼህ እንድሪስ፣ አካፋቸውን መሬት አስያዙት።

«እናውቃለን እንጂ። ቅሬው ጠራን፣ መጣን። ያን ለትም ቢጠራን እንዲሁ ነበር የምንመጣው፣ ዘሀራ።»

እትዬ ዘሀራ «ልጄን!» ብለው ጮኹ። ጎረቤታቸው በኋላ እንደነገረችኝ፣ ከቀብሩ ወዲህ ድምፅ አውጥተው ሲያለቅሱ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። ሴቶቹ ሮጠው አቀፏቸው። ወንዶቹ ሳይነጋገሩ ድንኳኑን መትከል ጀመሩ። እኔም ላፕቶፔን እንዳቀፍኩ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሲመሻሽ ጋሽ ሙሉጌታ ሚኒባስ ድረስ ሸኙኝ። «ተባረኪ ልጄ፣ ሁሉንም አስተካከልሽው» አሉኝ።

ኮዱን እንኳ አዎ፣ አስተካክዬዋለሁ... የሰሚራን ቃሬዛ ግን አሁን ማን ይቀባበለዋል?