ቅቤውና የመኪናዬ ኤሲ

ባለቤቴ ልጃችንን ስትወልድ እናቴ ከደጋው ከጨንቻ ወደ እኛ ወደ አርባ ምንጭ ሙቀት አልወረደችም። ሳንናፍቃት ቀርተን አይደለም። ለሠርጋችን በዚሁ አሮጌ መኪናዬ ይዣት ስወርድ ሙቀቱ ሊጨርሳት ነበር። ለሙሽራዋ አናት ብላ የያዘችው ቅቤ ቀልጦ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፤ እሷም ራሷን ሳተች። ከዚያ ወዲያ "በዚህ ምድጃ ሁለተኛ አልሳፈርም!" ብላ ማለች። አራስ ደግሞ ከቤት አትወጣም። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቁልቁለት ተለያይተው ሊቀሩ ነው እንዴ?

ስለዚህ ከሞተ ዓመታት ያለፈውን ኤሲ ላስነሳ አርባ ምንጭ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሳቀ።

"ይሄ እኮ የሚሠራው በድሮው ጋዝ ነው። ያ አሁን የለም፤ ወደ አዲሱ እንቀይረዋለን" አለኝ።

አሮጌውን ዘይት አፈሰሰ፣ የደረቁትን የጎማ ቀለበቶች ለወጠ፣ ቱቦዎቹን በአየር ሞልቶ የሳሙና አረፋ ቀባቸው። አንዱ ጋ አረፋው ሲያብጥ ጊዜ "ያዝኩህ!" ብሎ ጮኸ። እኔም አብሬው ጮህኩ። ያንን ደፍኖ፣ አየሩን በማሽን መጦ አዲሱን ጋዝ ሲሞላው ፊቴ ላይ ብርድ መጣ። ብርድ፣ አርባ ምንጭ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ! መካኒኩን ከነዘይቱ አቀፍኩት። ሸሚዜ ተበላሸ፤ ይበላሽ!

በማግስቱ ማለዳ ጨንቻ ደረስኩ። እናቴ ቅቤዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ደጅ ቆማለች፤ ልቧ ግን አልቆረጠም። ኤሲውን ከፈትኩና "እስቲ እጅሽን አምጪ፣ እማዬ!" አልኳት። እጇን ዘረጋች።

"ይሄማ የራሳችን ንፋስ ነው" አለችኝ።

አይ የኔ ሞኝነት! ጉም በወረደበት በጨንቻ ማለዳ ኤሲ የሚያሳይ ሰው ከእኔ በቀር የት ይገኛል? ለምኜ፣ ተለማምጬ አሳፈርኳት።

ቁልቁለቱ አልቆ የሙዙ ማሳ ሲጀምር ቅቤውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና "መስኮቱን ክፈተው" አለችኝ። ከፈትኩት። ሙቀቱ ገና ፊታችንን ሲገርፈን "ዝጋ! ዝጋ!" ብላ ጮኸች። ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "በረደኝ" ብላ ቡሉኮዋን ደረበች። እኔ እስከ ቤት ድረስ ስዘፍን ነዳሁ።

ቤት ገብታ ቅጠሉን ስትፈታው ቅቤው ድርቅ እንዳለ ነበር። ቆንጠር አድርጋ የባለቤቴ አናት ላይ አኖረችና "ይሄ የሠርግሽ ነው፣ ልጄ" አለቻት። ከዚያ ሕፃኗን ታቅፋ ጥቂት አናቷ ላይ ጣል አደረገችላት።

ቅቤው መቅለጥ የጀመረው እዚያ፣ የልጅ ልጇ አናት ላይ ነው።