በማዳበሪያ ከረጢት የመጡት የግሪክ ተረቶች

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ገና ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ሰው እንዳይጎዳ ብዬ እስካሁን ለማንም አላወራሁትም፤ ዛሬም የምጽፈው የሰዎቹን ስም ትቼ ነው። ከልቤ ያልወጣበት ምክንያት በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ያሴረብኝ ይመስለኝ ስለነበር ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ማንበብ ሲሰለቻቸው የጥንት ግሪኮችንና የሮማውያንን ተረት እነግራቸው ነበር። ስለ ባሕሩ አምላካቸው፣ ጸጉሯ እባብ ስለሆነባትና ያያት ሁሉ ድንጋይ ስለሚሆንባት ሴት። ደወል ተደውሎ እንኳ ከወንበራቸው አይነሱም። ተረቶቹን የማገኘው ከስልኬ ነበር። ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ግን ከትዝታዬ ብቻ ስናገር የግሪኩን ከሮማው ማምታታት ጀመርሁ።

አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ማመልከቻ አለ። የጻፉት የአንዲት ተማሪዬ አባት ናቸው። "መምህርቷ ለልጄ የጣዖት ስም እያስጠናች ነው" ይላል።

"ከየትኛው መጽሐፍ ነው የምታስተምሪው?" አሉኝ።

ከስልክ ነው ብል እንደሚብስብኝ ስላወቅሁ፣ "መጽሐፉ ቤት ነው" ብዬ ዋሸሁ።

"እንግዲያው ሐሙስ ወላጁ ባሉበት ይዘሽ ቅረቢ" አሉኝ።

የምይዘው መጽሐፍ አልነበረኝም። ሁለት መጽሐፍ ሻጮች ጠየቅሁ። አንዱ የሒሳብ መልመጃ አወጣልኝ። ሌላው "የምን ግሪክ?" ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያገኘሁት ሽፋኑ የተገነጠለ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ እሱም ግማሹ የለም። ባሕር ዳር ሄጄ እንዳልፈልግ መንገዱ ተዘግቷል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የሽማግሌ ድምፅ ነው።

"መምህርት፣ የሚፈልጉት መጽሐፍ እኔ ዘንድ አለ። ነገ ረፋድ ላይ ቡሬ ይምጡ። ከገበያው ጀርባ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ እዚያ ይጠብቁኝ። ብቻዎን ይምጡ፤ ለማንም አይንገሩ።"

"ማን ልበል?" ስል ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ብደውል አይሠራም።

ቁጭ ብዬ አሰላሰልሁ። መጽሐፍ እንደምፈልግ ማን ነገራቸው? ስልኬንስ ማን ሰጣቸው? መጀመሪያ የጠረጠርሁት የተማሪዬን አባት ነው። የጥንቆላ መጽሐፍ አስይዘው እጅ ከፍንጅ ሊያስይዙኝ ነው አልሁ። ቀጥሎ የባሰ መጣብኝ። በዚያ ሰሞን ሰው ታገተ ሲባል እንሰማ ነበር። ማንኩሳ ለሚኖረው ወንድሜ ደውዬ፣ "ነገ እስከ ስምንት ሰዓት ካልደወልሁልህ ቡሬ ገበያ ጀርባ ፈልገኝ" አልሁት።

"አትሂጂ!" አለኝ።

ሐሙስ ባዶ እጄን ከምቀርብ ብዬ ሄድሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ ቡሬ ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው፤ እኔ ግን ደነገጥሁ። "ለቅሶ ልደርስ" አልኋቸው። "ውይ! የማን ለቅሶ?" አሉ። ሰውዬው ማንኩሳ እስኪወርዱ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተጓዝሁ።

ልብስ ሰፊዋ በርጩማ ሰጠችኝ። ማንን እንደምፈልግ አልጠየቀችኝም። ይህም አስጠረጠረኝ። ከመንገዱ ማዶ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ የጠመጠሙ ሽማግሌ ቆመው ያዩኛል። ሰው ሲያልፍ ፊታቸውን ይመልሳሉ፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ ያዩኛል። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ከቆዩ በኋላ ተሻግረው ገቡ። በእጃቸው አፉ በገመድ የታሰረ የማዳበሪያ ከረጢት ይዘዋል።

"ማን ላከሽ?" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

"እርስዎ አይደሉም እንዴ የጠሩኝ?"

"የጠራሁትስ መምህርቷን ነው። አንቺ እሷ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። "በሰም የተጣበቀ ክንፍ ለብሶ የበረረውን ልጅ አባቱ ምን ብሎ መከረው?"

ከአንድ ባለጥምጥም አባት አፍ ይህን እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። "ከፍ ካልህ ፀሐይ ሰሙን ያቀልጠዋል፤ ዝቅ ካልህ ባሕሩ ክንፉን ያረጥበዋል፤ መካከሉን ይዘህ ብረር አለው" አልሁ።

ያን ጊዜ "እፎይ" ብለው ተቀመጡና ከረጢቱን ፈቱ።

ከውስጡ ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍትና አንድ በእጅ የተጻፈ የአማርኛ ትርጉም ወጡ። አንደኛው የግሪኮቹን ተረቶች ከነሥዕላቸው የያዘ ነው። ሁለተኛው የሮማውያኑን ይዞ፣ የግሪኩ አምላክ በሮም ማን ተብሎ እንደተጠራ ያስረዳል። መጨረሻው ላይ የአማልክቱ የዘር ሐረግ ተሥሏል። አንድ ተረት በሁለት መንገድ ከተነገረ ሁለቱንም ያመጣል። ለዓመታት ስመኘው የነበረው እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው። በየገጹ ዳር ደግሞ በቀይና በጥቁር ቀለም የብራና ጽሑፍ የመሰለ ማስታወሻ አለ። የበረረው ልጅ ሥዕል አጠገብ፣ "ልጁ ሰሙን አምኖ ወደቀ፤ ወርቁን የያዘ አይወድቅም" ይላል።

ሽማግሌው መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ድሮ ግቢያቸው ውስጥ አንድ የታሪክ መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። እርሳቸው ግእዝ ሲያስተምሩት እርሱ እነዚህን ተረቶች እየተረጎመ ያነብላቸው ነበር። ሲዛወር መጻሕፍቱን ትቶላቸው ሄደ።

"ስለ እኔ ግን እንዴት አወቁ?" አልኋቸው።

አንገታቸውን ደፉ። "የከሰሰሽ ሰውዬ ፊደል የቆጠረው ከእኔ ነው። ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት መጥቶ፣ 'የኔታ፣ ይህ ነገር ኃጢአት አይደለም ወይ?' ብሎ ጠየቀኝ። መጻሕፍቱ ከአልጋዬ ሥር ተቀምጠው ሳለ ዝም አልሁ። የደብሩ ሰው ይህን ሥዕል ቢያይብኝ ምን ይላል ብዬ ፈራሁ። እርሱ ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጠረው። ኋላ መጽሐፍ ይዘሽ እንድትቀርቢ መታዘዝሽን ነገረኝ፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በዚህ አገር እንደማታገኚ አውቅ ነበር። ስልክሽን ያገኘሁት ከሴት ልጁ ደብተር ላይ ነው፤ ከእርሱ ጋር ስትመጣ የቤት ሥራ ልታሳየኝ ይዛው ነበር።"

ከዚያ፣ "ስሜን አታንሺ። ሐሙስ ለእርሱ በእጁ ስጪው፤ ራሱ ይግለጠው" አሉኝ።

አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኋቸውም። ለምን በእጁ?

ሐሙስ የሆነው እንዲህ ነው። አባትየው መጽሐፉን በሁለት ጣታቸው ገለጡት። እባብ ጸጉሯን ሴትዮ ሲያዩ ፊታቸው ተኮሳተረ። ቀጥሎ ዓይናቸው ወደ ገጹ ዳር ሄደ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አነበቡ። አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ፣ ከዚያም ሌላ።

"ከየት አመጣሽው?" አሉኝ።

"አደራ ነው፤ መናገር አልችልም።"

ርእሰ መምህሩ "ምን አገኙበት?" ብለው ጠየቁ።

"ምንም። ተረት ነው" አሉ አባትየው። "ማመልከቻዬን አንስቻለሁ።" መጽሐፉን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። በሩ ላይ ግን ጠጋ ብለው፣ "የኔታን ሰላም በይልኝ" አሉኝ።

ይህ ሰላምታ ይሁን ዛቻ ስላልገባኝ ለሳምንታት እንቅልፍ አጣሁ። መሪጌታን ያጋለጥኋቸው መሰለኝ። ስልካቸው አይነሣም። ከጥምቀት በኋላ መጻሕፍቱን ይዤ ቡሬ ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተማሪዎቻቸውን ቅኔ ሲያስቀጽሉ አገኘኋቸው።

"መጥቶ ነበር" አሉኝ ፈገግ ብለው። "ለምን ያን ዕለት ዝም አሉኝ ብሎ ተቆጣኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። አሁን መጻሕፍቱን ለእርሱ ስጪው፤ ተራው የእርሱ ነው።"

"አባትየው የእጅ ጽሑፍዎን እንደሚለዩት ያውቁ ነበር?"

"እርሱን መጻፍ ያስተማርሁት እኔ ነኝ እኮ፣ ልጄ" አሉና ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ።

ዛሬ መጻሕፍቱ በሦስታችን መካከል ይዘዋወራሉ። ተረቶቹንም ሳላምታታ አስተምራለሁ። አንድ ነገር ግን ለመሪጌታ አልነገርኋቸውም። ያን ቅዳሜ ከቡሬ ስመለስ ማንኩሳ ወርጄ፣ ከወንድሜ ቤት ጓሮ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ገልብጬ አራግፌያቸው ነበር። ሊያስይዙኝ ክታብ ወይም የአስማት ወረቀት ደብቀውብኝ ይሆናል ብዬ ነው። የወደቀው አንድ የደረቀ የጤና አዳም ዝንጣፊ ብቻ ነበር። የሚወዱት ገጽ እንዳይጠፋቸው ያስቀመጡት መሆን አለበት። ከየትኛው ገጽ እንደወደቀ ስላላወቅሁ በግምት አንዱ ጋ ሸጎጥሁት። አንድ ቀን አንሥተው "ይህ እዚህ አልነበረም" ይሉኛል ብዬ እስካሁን አፍራለሁ።