የሼህ አብዱልሐሊም ቃል

ከሱቄ ጀርባ የሚኖሩት ሼህ አብዱልሐሊም ግትር ሰው ናቸው። ይህን ፊት ለፊታቸውም ነግሬያቸዋለሁ። ፈንጣጣ በልጅነታቸው ሁለቱንም ዓይናቸውን ወስዶባቸው፣ ቁርኣንን በቃላቸው ይዘው የከተማችንን የመርሳን ልጆች ሲያስተምሩ ኖረዋል። መስጊድ የሚያደርሷቸው፣ ሰው ሲመጣ ማን እንደሆነ የሚነግሯቸው ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የእትዬ ዘሀራንም ዓይን ሞራ ጋረደው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ግድግዳ እየዳበሱ ይኖራሉ።

ባለፈው ኅዳር ወልድያ ላይ ነጻ የዓይን ሕክምና አለ ሲባል ሁለቱንም ወስጄ አስመረመርኳቸው። የሼሁ ዓይን አይድንም፣ የእትዬ ዘሀራ ሞራ ግን ይገፈፋል ተባለ። ቀጠሮ ይዤ ደስ ብሎኝ ቤታቸው አደረስኳቸው። ሼሁ እሷ ካየች በጨለማው ብቻዬን እቀራለሁ ብለው እንደፈሩ ያስታውቃሉ፤ ይህን መናገር ግን ሞታቸው ነው። በዚህ ፈንታ እንዲህ አሉ፦

«ዘሀራ፣ ለዚህ ሕክምና ወልድያ ከሄድሽ በሦስት ተፈትተሻል።»

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የንዴት ወሬ መስሎኝ ሳቅሁ። እትዬ ዘሀራ ግን ካሉበት ቁጭ አሉ። በሦስት ማለት መመለሻ የሌለው ፍቺ ነው፤ ከሄዱ ቃሉ ይጸናል።

ሼሁ ሳይመሽ ተጸጸቱ። ጠያይቄ፣ ይህን ከፍቺ ሳይሆን ከመሐላ ቆጥረው ድሃ በማብላት ብቻ የሚያሳልፉ ሼህ ውርጌሳ ከተማ ውስጥ እንዳሉ ነገርኳቸው። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።

«ጎረቤታችን ናስር ሚስቱን እናትሽ ቤት ከሄድሽ ብሎ በሦስት ፈታት። የእናቷ ለቅሶ ሆነና ሄደች። ፍቺው ጸንቷል ብዬ የለያየኋቸው እኔ ነኝ፤ አራት ልጅ ነበራቸው። በእነሱ የጸና በእኔ ሊላላ ነው?»

ተናደድኩ፤ ስለ ናስር ጥፋት እትዬ ዘሀራ ለምን ይቀጣሉ ብዬ ጮህኩባቸው። እትዬ ዘሀራም አልሄድም ብለው ቁርጡን ነገሩኝ።

ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው የፈላ ውኃ እትዬ ዘሀራ እግር ላይ ተገለበጠ። ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ ሼሁ መሬት ላይ እየዳኹ በሁለት እጃቸው ወለሉን ይዳብሳሉ። ሚስታቸው ከጀርባቸው ወድቀው ይጮሃሉ፤ እሳቸው በድንጋጤ የሚፈልጓቸው በር በሩን ነው።

በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ሼሁ አስጠሩኝ። እትዬ ዘሀራ እግራቸው በፋሻ እንደታሰረ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሂጂ» አሏቸው።

«ከሄድኩ ሚስትዎ አይደለሁም እኮ።»

«አውቃለሁ። ሂጂ።»

እትዬ ዘሀራ የሼሁን እጅ ፈልገው አገኙና አጥብቀው ያዙት። ከዚያ ተነሥተው ከእኔ ጋር ወደ ወልድያ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገቡ።

ሕክምናው ሰመረ፣ አዩ። በአራተኛው ቀን ልብሳቸውን ከቤት ወስደው ሐራ ከተማ የሚኖረው ወንድማቸው ሙስዐብ ቤት ሊገቡ ከእኔ ጋር ወደ መርሳ ተመለሱ። መንገድ ላይ፣ አብረውኝ መሆናቸውን ለሼሁ እንዳልናገር አስማሉኝ፤ መኖሬን አውቀው ከጠሩኝ እግሬ ከዚያ ቤት አይወጣም አሉኝ።

ሼሁ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጀለቢያ ቀሚሳቸውን ገልብጠው ለብሰዋል፣ ደረታቸው ላይ ወጥ ደርቋል። እትዬ ዘሀራ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያዩዋቸው እንዲህ ሆነው ነው። የግቢው በር ላይ ቆመው ቀሩ።

«ካሳዬ ነህ? አየች?»

«አይተዋል» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ። ብቻህን ነህ?»

እትዬ ዘሀራ አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው አዩኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ልንገርህ፣ ለሰው አታውራብኝ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ዘሀራ እያልኩ ስጣራ ዋልኩ። እንደሌለች አውቃለሁ። ግን ስሟን ካልጠራሁ በሩ የት እንዳለ ይጠፋኛል።»

እትዬ ዘሀራ ኮቴያቸውን አጥፍተው፣ ልብሳቸውን ሳይወስዱ ወደ ሐራ ሄዱ።