የተገለበጠው «ባ»

የትምህርት ቤታችንን የሥዕል አስተማሪ ተማሪዎቹ «ቀለሜ» ይሉታል፤ ጥናት ስለሚወድ ሳይሆን እጁ ከቀለም ጠርቶ ስለማያውቅ ነው። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍሎቻችን ግድግዳ ስለሚጋሩ የእሱ መሮና መዶሻ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያደነቁረኝ ኖሯል።

ጃፓንን በዓይኑ አላየም። ግን በየዓመቱ የጃፓኖችን የእንጨት ሕትመት ያስተምራል። ተማሪዎቹ በስስ ወረቀት ላይ ሥዕል ይሠሩና በፊቱ ደፍተው ጣውላ ላይ ይለጥፉታል። ከዚያ ይቀርጹታል፤ ቀለም ቀብተው ሌላ ስስ ወረቀት ያለብሱትና በማንኪያ ጀርባ ያሹታል። «ደፍታችኋል?» እያለ ሲጨቀጭቃቸው ይውላል።

ዘንድሮ አንዲት ተማሪ አናጢ አባቷ ሞቶባት ያን ትምህርት ሳትሰማ ቀረች። ስትመለስ ከአባቷ የሥራ ጠረጴዛ የተረፈ አንድ ቁራጭ ጣውላ ይዛ መጣች። ለወላጆች ቀን የምታቀርበው እሱን ነው። ቀለሜ ሐዘንተኛ ናት ብሎ አልጨቀጨቃትም። ሁለት ሳምንት አንገቷን ደፍታ «አባባ» ብላ ቀረጸችበት።

ቀለም ቀብታ ያለበሰችው ወረቀት ሲነሳ ጠመኔ ልዋስ ገብቼ ነበር። የ«ባ» ረጅም እግር ወደ ግራ ዞሮ «ቦቦ» ሆኗል፤ «አ» መጨረሻ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። አንዱ «ቦቦ» ብሎ አነበበና ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ጣውላውን በሁለት እጇ ሸፈነችው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ቀለሜ፣ ሳቁ ሲበርድ። «ያዘንኩልሽ መስሎኝ «ደፍተሻል?» ብዬ መጠየቄን ተውኩ።»

«ሌላ ጣውላ የለኝም፣ ቲቸር።»

አዲስ ላምጣልሽ ሊላት ነበር፤ ግን ዋጠው። ያንን ጣውላ ከየት ያመጣዋል?

ልጅቷ ወረቀቱ እንዲደርቅ ፊቱን ወደ ክፍሉ አድርጋ መስኮቱ ላይ ለጠፈችው። ቀለሜ ሐፍረቱን ሊደብቅ ወደ ግቢው ወጣ። ቀና ሲል መስታወቱ ላይ ዓይኑ አረፈ፤ ጠራት። ቀለሙ በስሱ ወረቀት ዘልቆ ከውጭ በኩል «አባባ» ይላል። ልጅቷ ወጥታ ብዙ ቆማ አየችው።

በወላጆች ቀን ዋዜማ ቀለሜ «ወላጆች በትክክል እንዲያነቡት ገልብጠን እንስቀለው?» አላት።

«ተወው፣ ቲቸር» አለች። «እኛ ቦቦ ብንለውም ግድ የለም። አባባ ካለበት በኩል በትክክል ይነበባል።»

ቀለሜ ጨርቅ ይዞ ወጣና መስታወቱን በውጭ በኩል ወለወለው።