ወይራ ያልነካው ዕቃ

በደርግ ጊዜ ጎሮ ገጠር ነበር። እዚያ በመንግሥት የወተት ድርጅት መረከቢያ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ ጓድ ታፈሰ የመስታወት መለኪያ አስጨበጡኝና፣ «መጀመሪያ አሽትቺ፤ ከዚያ ይኼን ጣይበት። ውኃ ከገባበት ይሰምጣል» አሉኝ።

ገበሬው በውሉ መሠረት ወተቱን ለድርጅቱ ብቻ ያስረክባል፤ ድርጅቱ ፉርሽካና የከብት ሐኪም ያቀርባል። ወተቱ ደጋግሞ ከተመለሰ ግን ውሉ ይፈርሳል። በበጋ ያለ ፉርሽካ ላም ማቆየት ዘበት ነው።

አዴ ዲንቂ በሁለት ላም የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ባልቴት ነበሩ። ወተታቸው ወፍራም ነው፤ የድርጅቱ ፋብሪካ ግን «ጭስ ጭስ ይላል» ብሎ መለሰው። እኔ ወይራ የታጠነ ወተት ጠጥቼ ያደግኩ ነኝ፤ ለአፍንጫዬ ሽቶ ነበር።

«አዴ፣ ወተትዎ በጠረኑ ተመለሰ» አልኳቸው። ክው አሉ። በማግስቱ ጠረኑ ብሶ መጣ፤ ክዳኑ ሲነሳ ወተቱን ወደ ፋብሪካ የሚወስደውን ሾፌር አስነጠሰው።

ጓድ ታፈሰ ተቆጡ። «አንዴ ከደገሙ ይሰረዛሉ!»

«ቤታቸው ሄጄ ላነጋግራቸው?»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ሥራሽን ሥሪ።»

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ሄድኩ። አዴ ዲንቂ የድርጅቱን የአሉሚኒየም ዕቃ የወይራ ጭስ ላይ ደፍተው እፍ ይላሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ጠረኑን አልወደዱትም አላልሽኝም? ወይራውን ጨመርኩበት!»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። «አዴ፣ ያልወደዱት እኮ ወይራውን ነው።»

«ያ ረቢ! ወተት ባልታጠነ ዕቃ? ለሰው እንዲህ አይሰጥም ልጄ፤ ነውር ነው።»

«ውሉ ከፈረሰ ፉርሽካው ይቀራል።»

ላሞቻቸውን አዩ። ወይራውን በውኃ አጠፉት። ዕቃውን በፈላ ውኃ ሲያጥቡ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ወተቱ አለፈ፤ ውሉም ተረፈ። ዕቃውን ሲያስረክቡኝ ግን እያፈሩ ነበር። ከዚያ ከነጠላቸው ሥር በወይራ የታጠነች ትንሽ ቅል አወጡ።

«ያ የውሉ ነው። ይኼ ያንቺ ነው፤ ጠጪ።»

እዚያ እስከሠራሁ ድረስ ቅሏ ቀርታብኝ አታውቅም።

ዛሬ ጎሮ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። የምገዛው የላስቲክ ወተት ንጹሕ ነው፤ ምንም አይሸትም። አዴ ዲንቂ በጣም ይናፍቁኛል።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይኼን ነው፦ ወተት ስትመልሱ ምክንያቱን ገበሬው ቤት ሄዳችሁ ንገሩ።